ከሎጊያ እስከ ጥቁር አንበሳ፦ የልጆች ካንሰር ሕክምና አማራጮች ዳሰሳ

አፋር ክልል ሎጊያ ውስጥ ልጅ ትኩሳት ሲይዘው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ተገቢ ጥርጣሬ ነው፤ አዋሽ ዳር፣ የዱብቲ መስኖ ባለበት ቆላ፣ ወባ ዓመት ከዓመት አይጠፋም። ልጁ ከገረጣ ደም ማነስ ይባላል። አንገቱ ላይ እብጠት ካወጣ ቲቢ ይጠረጠራል፣ ሆዱ ከተነፋ ጣፊያ ወይም የሆድ ትል። ጤና ጣቢያው በየዕለቱ በሚያያቸው በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ይኼ ግምት ልክ ይሆናል። እዚህ የማነሳው ግምቱ ልክ የማይሆንባቸውን ጥቂቶቹን ነው፦ የወባ መድኃኒቱን ጨርሶ ትኩሳቱ የተመለሰበትን፣ ብረት ያለው ሽሮፕ እየወሰደ መገርጣቱ የባሰበትን፣ የቲቢ መድኃኒት ተጀምሮለት እብጠቱ የጨመረበትን ልጅ። ከእነዚህ መካከል የደም ካንሰር፣ የንፍፊት ካንሰር ወይም የኩላሊት እጢ የያዘው ይኖራል።

የልጆች ካንሰር ከአዋቂዎች ካንሰር የተለየ ጠባይ አለው። ከሲጋራም ሆነ ከአመጋገብ አይመጣም፤ ወላጅ ባጠፋው ነገርም የሚመጣ አይደለም። አብዛኛው በማደግ ላይ ያለ ሕዋስ መቆጣጠሪያውን ሲያጣ የሚነሳ ስለሆነ አስቀድሞ መከላከያ የለውም ማለት ይቻላል። ያለው መንገድ በጊዜ ለይቶ ማከም ነው፤ ሕክምናው ደግሞ ያድናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 400,000 ያህል ሕፃናትና ታዳጊዎች በካንሰር ይያዛሉ። ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ100ው ከ80 በላይ ይድናሉ፤ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን ከ30 ያነሱ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረው ዓለም አቀፍ ንቅናቄ እስከ 2030 ድረስ በመላው ዓለም ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆኑት እንዲድኑ ግብ አስቀምጧል። በ80ውና በ30ው መካከል ያለው ሰፊ ልዩነት የመጣው በአብዛኛው አዲስ መድኃኒት በመጥፋቱ አይደለም። የሎጊያን ልጅ የሚያድነው መድኃኒት ከብዙ ዓመታት በፊት ተገኝቷል፣ ከአዳዲሶቹ ጋር ሲተያይም ርካሽ ነው፤ የጎደለው መድኃኒቱን ልጁ ከሚኖርበት ቦታ ጋር የሚያገናኘው መንገድ ነው። የዚህ ዳሰሳ ዋና ነገር ይኼ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1947 መጨረሻ ሲድኒ ፋርበር የተባለ የቦስተን ፓቶሎጂስት በሉኬሚያ ለተያዙ ሕፃናት አሚኖፕቴሪን የተባለ መድኃኒት መስጠት ጀመረ። ሊሞቱ የተቃረቡ ልጆች ለወራት ተሻላቸው፤ በኋላ ግን በሽታው ተመለሰ። አንድ መድኃኒት ብቻውን እንደማይበቃ የታወቀው ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በተከፈተው የሜምፊሱ ሴንት ጁድ ሆስፒታል ዶናልድ ፒንከልና ባልደረቦቹ ብዙ መድኃኒቶችን አጣምረው፣ ለረጅም ጊዜ፣ አንጎልና አከርካሪ ውስጥ የሚሸሸገውን ካንሰር ጭምር እያከሙ፣ አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከታካሚዎቻቸው ግማሽ ያህሉን ለማዳን በቁ። ዛሬ አዲስ አበባ ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚሰጠው ሕክምና የዚያ ዘዴ ተወላጅ ነው። ቪንክሪስቲን ከማዳጋስካር አበባ የሚወጣ ነው። ሜቶትሬክሴት የአሚኖፕቴሪን የቅርብ ዘመድ ነው። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ በየፋርማሲው ለአስም የሚሸጠው ያው ኪኒን ነው።

በዚህ ኪኒን ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጉልበቱ ያበጠ፣ አንገቱ ላይ ንፍፊት ያወጣ ወይም ምክንያቱ ባልታወቀ ትኩሳት የሚሰቃይ ልጅ ሳይመረመር ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ሲሰጠው በቀናት ውስጥ ሊሻለው ይችላል። ቤተሰብ ይደሰታል። ካንሰሩ ግን ሟሟ እንጂ አልጠፋም፤ በኋላ የሚወሰደው ናሙና ይደበዝዛል፣ ሲመለስም መድኃኒቱን የለመደ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ሐኪም ያላዘዘውን ይህን ኪኒን ከመስጠት መቆጠብ ለፋርማሲ ባለሙያ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ትልቅ ውለታ ነው።

በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኬሚያ ነው። የአጥንት መቅኔ በካንሰር ሕዋስ ይሞላና ጤናማ ደም መሥራት ያቆማል። ስለዚህ ልጁ ይገረጣል፣ ድድና አፍንጫው ይደማል፣ ቆዳው ላይ ጥቃቅን ቀያይ ነጠብጣብ ይወጣል፣ አጥንቱን እያመመው ያነክሳል። ዱብቲ ሆስፒታል ላይ የሚሠራ ተራ የደም ቆጠራ ብዙውን ጊዜ ጥርጣሬውን ያስነሳል፤ ከሦስቱ የደም ሕዋሳት ሁለቱ ወይም ሦስቱም አብረው ዝቅ ሲሉ፣ ወይም ነጩ ሕዋስ ከልክ በላይ ሲያሻቅብ፣ ወባና የብረት እጥረት ብቻቸውን በቂ ማብራሪያ አይሆኑም። ማረጋገጫው ከአጥንት መቅኔ የሚወሰደው ናሙና ነው።

ሕክምናው ሁለት ዓመት ያልፋል፣ አንዳንዴም ወደ ሦስት ይጠጋል። የመጀመሪያው ወር ከባዱ ነው። ልጁ በየቀኑ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ይወስዳል፣ በየሳምንቱ ቪንክሪስቲን በደም ሥሩ ይሰጠዋል፣ አስፓራጂኔዝ ይወጋል፣ በጀርባው በኩል ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ሜቶትሬክሴት ይገባለታል። ካንሰሩ ሲረግፍ የመከላከል አቅሙም አብሮ ይረግፋል፤ በዚህ ወር የሚሞቱ ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚሞቱት በኢንፌክሽን ወይም በመድማት ነው። ደምና ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው ሕዋስ) ቅርብ መሆን አለበት፤ ፕሌትሌት ከተለገሰ በኋላ የሚቀመጠው 5 ቀን ገደማ ብቻ ነው። የምግብ እጥረት ያለበት ልጅ መድኃኒቱን የመቋቋም አቅሙ ስለሚያንስ የካንሰር መድኃኒቱ (ኬሞው) እና የምግብ ሕክምናው ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው፤ አፋር ላይ ይህ ተጨማሪ ጉዳይ ሳይሆን የሕክምናው አካል ነው። ይህን ወር ሎጊያ ወይም ዱብቲ ላይ ማሳለፍ አይቻልም፤ እንዲቻል መሞከርም የሚበጅ አይመስለኝም።

ቀጥለው የሚመጡት ወራት ያንኑ ሥራ ያጠነክራሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅሙ ዘመን ግን ሌላ መልክ አለው። ልጁ ቤቱ ሆኖ በየማታው መርካፕቶፑሪን፣ በሳምንት አንድ ቀን ሜቶትሬክሴት ይውጣል፤ በየጊዜው ደሙ ተቆጥሮ መጠኑ ይስተካከላል። የኪኒኑ አሰጣጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጠኑ በልጁ የሰውነት ስፋት ስለሚሰላ አንዱ ማታ ሙሉ፣ ሌላው ማታ ግማሽ ሊሆን ይችላል። ኪኒኑን ለሁለት የምትከፍለው እናት ነፍሰ ጡር ከሆነች ሌላ ሰው ቢከፍልላት ይሻላል። ትልቁ አደጋ ሜቶትሬክሴትን በስህተት በየቀኑ መስጠት ነው፤ ይህ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ቀኑ ከማይረሳ ነገር ጋር ይያያዛል፤ ሎጊያ ላይ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቢባል አባትም አይረሳው፣ አያትም አትስተው።

ቡርኪት ሊምፎማ የተባለው የንፍፊት ካንሰር የተለየ ነው። ዴኒስ ቡርኪት የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኡጋንዳ ውስጥ የመንጋጋ እብጠት ያለባቸውን ልጆች እ.ኤ.አ. በ1958 ጽፎ ካሳወቀ በኋላ በሽታው ወባ በሚበዛበት ቆላ እንደሚበረክት፣ ኤፕስታይን ባር የተባለ ቫይረስም እጁ እንዳለበት ታወቀ። አዋሽ ሸለቆም ቆላና ወባማ ነው። እጢው በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ሰኞ ጥርስ መስሎ የታየው ለተከታዩ ሰኞ ዓይን ሊገፋ ይችላል። የዚያኑ ያህል ለሳይክሎፎስፋማይድና ለአጋሮቹ ቶሎ ይሸነፋል፤ ሕክምናውም ዓመታት ሳይሆን ወራት ነው። አደገኛው የመጀመሪያው ሳምንት ነው፦ በአንድ ጊዜ የሚሞተው ካንሰር ኩላሊትን ስለሚዘጋ ብዙ ፈሳሽና ለሪህ የሚታወቀው አሎፑሪኖል አስቀድመው ይሰጣሉ። ለዚህ ልጅ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ መስጠት ተገቢ አይደለም፤ በተጠረጠረበት ቀን መላክ አለበት።

የኩላሊት እጢው፣ ዊልምስ፣ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ልጅ ሲታጠብ ነው፤ ከወገቡ በላይ በአንድ ጎን ጠንከር ያለ፣ የማያመው እብጠት። በእኛ አገር እጢው ትልቅ ሆኖ ስለሚደርስ አስቀድሞ ለጥቂት ሳምንታት ቪንክሪስቲንና አክቲኖማይሲን ተሰጥቶ ይቀነሳል፣ ከዚያ ኩላሊቱ ይወጣል፣ ኬሞው ይቀጥላል። ልጅ በአንድ ኩላሊት አድጎ ያገባል፣ ይወልዳል። ይህን ለቤተሰብ መንገር ግዴታ ነው፤ «ኩላሊቱን ሊያወጡበት ነው» የሚለው ፍርሃት ብቻውን ብዙ ሰው ከሆስፒታል አስወጥቷል። እብጠቱን ደጋግሞ ማሸት ወይም በጋለ ብረት መተኮስም መቅረት አለበት፤ እጢው ውስጥ ለውስጥ ከፈነዳ ሕክምናው ይከብዳል።

ሬቲኖብላስቶማ የተባለው የዓይን ካንሰር በጨቅላዎች ላይ ይወጣል፤ ምልክቱ የዓይን ብሌን ውስጥ የሚታይ ነጭ ነጸብራቅ ነው። በስልክ ብልጭታ በተነሳ ፎቶ አንዱ ዓይን ቀይ፣ ሌላው ነጭ ሆኖ ሲወጣ ዓይን ሐኪም ዛሬውኑ ማየት አለበት። በጊዜ ከተደረሰ ዓይኑን ራሱን ማትረፍ ይቻል ይሆናል፤ ከዘገየ ዓይኑ ወጥቶ ሕይወት ይተርፋል፤ በጣም ከዘገየ ግን ካንሰሩ በዓይን ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይሄዳል። አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። የመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ወላጆች ሊያውቁት የሚገባው፣ ከእነዚህ ልጆች ከአምስቱ ሁለቱ ያህል በሽታው በዘር የሚተላለፍ ዓይነት ስለሆነ ወንድምና እህቶችም በጨቅላነታቸው ዓይናቸው መታየት እንዳለበት ነው።

ሆጅኪን ሊምፎማ ከቲቢ ጋር እየተምታታ ይዘገያል እንጂ በኬሞ፣ አንዳንዴም ጨረር ተጨምሮበት፣ በደንብ የሚድን ነው። የአጥንት ካንሰር ከኬሞ ጋር ከባድ ቀዶ ሕክምና፣ አንዳንዴ እግር መቁረጥ ይጠይቃል። የአንጎል እጢ የነርቭ ቀዶ ሐኪምና ጨረር ይፈልጋል። ጨረር ደግሞ በአገራችን ለብዙ ዓመታት የሚገኘው ጥቁር አንበሳ በነበሩት የኮባልት መሣሪያዎች ብቻ ስለነበር ወረፋው ወራት ይፈጅ ነበር።

ታዲያ ሕክምናው የት አለ? ጥቁር አንበሳ ላይ የሕፃናት ካንሰር ክፍል ራሱን ችሎ መደራጀት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ገደማ ነው፤ አስላን ፕሮጀክት ከተባለው የአሜሪካ ድርጅት ጋር በመተባበር የዘርፉን ልዩ ሐኪሞች እዚሁ ማሠልጠን ተጀመረ። ከዚያ ጅማ፣ ጎንደርና መቀሌ አይደር ተከተሉ። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2023 የሚያገለግል የሕፃናትና ታዳጊዎች ካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ አውጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ኢትዮጵያን ጨምሮ ስድስት የአፍሪካ አገሮች መሠረታዊ የካንሰር መድኃኒቶችን በቅናሽ እንዲያገኙ ከመድኃኒት አምራቾቹ ከፋይዘርና ከሲፕላ ጋር ስምምነት ተደርሷል። ለሰሜን አፋር፣ ለአብዓላ ሰው፣ አይደር ቅርቡ ነበር፤ የትግራዩ ጦርነት ያንን በር ዘጋው፣ ሆስፒታሉም የካንሰር መድኃኒት አጥቶ ታካሚዎቹን ለማየት ያህል ብቻ የሚቀበልበት ጊዜ መጣ። ለሎጊያ ሰው ግን ከመጀመሪያውም ያለው አንድ መንገድ ነው፦ ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የአዲስ አበባ መንገድ።

ቤተሰቡ አዲስ አበባ ሲደርስ ሁለተኛው ችግር ይጀምራል። መድኃኒቱ በመንግሥት ወይም በለጋሽ ቢሸፈን እንኳ ማደሪያ፣ ምግብ፣ ታክሲ፣ ከሆስፒታል ውጭ የሚታዘዝ ምርመራ አለ። አፋርኛ ብቻ የምትናገር እናት የምትሰማውን በሌላ ታካሚ አስተርጓሚነት ትሰማለች፤ ካንሰርን ያህል ነገር በዚህ መንገድ ማስረዳት ለሐኪሙም ለእሷም ይከብዳል። አባት ግመሉን ወይም ሱቁን ትቶ መጥቷል። እዚህ ላይ ሁለት ማኅበራትን ማንሳት ይገባል። በሉኬሚያ ሕፃን ልጃቸውን ያጡት አቶ ወንዱ በቀለ በ1996 ዓ.ም. በልጃቸው ስም ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ፣ እንዲሁም የታማሚ ልጆች ወላጆች የመሠረቱት ተስፋ አዲስ፣ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ልጆችና አስታማሚዎች ማረፊያ ቤትና ምግብ ይሰጣሉ። ብዙ ልጅ ሕክምናውን የጨረሰው እነዚህ ቤቶች ስላሉ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይህም ሆኖ የሚያቋርጡት ብዙ ናቸው። ልጁ ከመጀመሪያው ወር በኋላ ጸጉሩ ቢረግፍም ይበላል፣ ይጫወታል፤ ቤተሰብ ዳነ ብሎ ይዞት ይመለሳል። ደሙ ውስጥ የቀረውን ካንሰር ማንም በዓይኑ አያየውም። ከወራት በኋላ ካንሰሩ ሲመለስ ያው መድኃኒት አይበቃውም፤ ሁለተኛ ዕድል የሚሆነው የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ደግሞ ወደ ሕንድ ወይም ቱርክ የሚያስኬድ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ገንዘብ የሚለመንበት ጉዳይ ነው። አፋር ሲገናኝ ዳጉ የሚባለውን ዜና ይለዋወጣል፤ አዲስ አበባ ሄዶ ልጁን አጥቶ የተመለሰ አባት ዜና ከሎጊያ እስከ አሳይታ ለመድረስ ብዙ ቀን አይፈጅበትም። ጨርሶ የዳነ ልጅ ዜናም በዚያው ፍጥነት ይሄድ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ልጅ በየቀበሌው መታየት አለበት። ሰው ሕክምናውን የሚሸሸው በድንቁርና ነው የሚለውን አባባል አልቀበለውም። ያየው ውጤት ነው የሚያስሸሸው።

ስለማይድኑትም መናገር ያስፈልጋል። ዘግይቶ ለደረሰና ካንሰሩ ለተዛመተበት ልጅ የሕመም ማስታገሻ ሕክምና እውነተኛ አማራጭ ነው። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ርካሽ ነው፣ በትክክል ከተሰጠ ልጅን ሱሰኛ አያደርግም፣ ሞትንም አያፋጥንም፤ የሆድ ድርቀት ስለሚያመጣ ማለስለሻ አብሮት ይታዘዛል። «ከእንግዲህ የምናደርገው የለም» ተብሎ ሎጊያ የሚመለስ ልጅ ያለ ሞርፊን መመለስ የለበትም። ዱብቲ ላይ ይህን የሚያዝ አንድ ሐኪምና የሚያድል አንድ ፋርማሲ መኖሩ ከብዙ ውድ መሣሪያ ይልቅ ቶሎ ሊደረግ የሚችል ነገር ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። በክልሉ ዋና ከተማ ሰመራ ላይ ሙሉ የሕፃናት ካንሰር ሆስፒታል ይሠራ የሚል ጥያቄ ሲነሳ ስሜቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን በዓመት ለሚመጡት ጥቂት ልጆች ልዩ ሐኪም፣ ፓቶሎጂና ፕሌትሌት ማቆየት አይቻልም። የሚያዋጣው ሥራውን መከፋፈል ነው፦ ምርመራውና ከባዱ ክፍል አዲስ አበባ፣ ረጅሙ የኪኒን ዘመን ዱብቲ። ኒካራጓ ማናጓ ያለው ላ ማስኮታ የሕፃናት ሆስፒታል ከጣልያን ሐኪሞች ጋር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ትብብር ከጀመረ በኋላ ክትትሉን ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ያወረደው በዚሁ ምክንያት ነው። መርካፕቶፑሪንና ሜቶትሬክሴት ኪኒን ናቸው፤ እንደ ቪንክሪስቲንና አስፓራጂኔዝ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚል ማቀዝቀዣ አይጠይቁም። የመድኃኒት አቅርቦት አገልግሎት ሰመራ ላይ ቅርንጫፍ አለው። የደም ቆጠራ ማሽን ዱብቲ ላይ አለ፤ ውጤቱ በስልክ ጥቁር አንበሳ ደርሶ መጠኑ በዚያው ቀን ሊስተካከል ይችላል። ቪንክሪስቲንን ግን መጀመሪያ ላይ አላካትትም፤ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቃጥላል፣ በስህተት ወደ አከርካሪ ከገባ ይገድላል። እሱ በደንብ እስኪሠለጠንበት አዲስ አበባ ይቆይ።

ኪኒኑን ከመስጠት እኩል ሦስት ነገሮች ዱብቲና ሎጊያ ላይ መታወቅ አለባቸው። አንደኛው ትኩሳት ነው። ኬሞ ላይ ያለ ልጅ 38 ዲግሪና በላይ ከደረሰ የወባ ምርመራው ውጤት ምንም ይሁን ምን በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ሥሩ መጀመር አለበት። ሴፍትሪያክሶን ለካንሰር ሆስፒታል ሐኪም የመጀመሪያ ምርጫው ባይሆንም ጤና ጣቢያ ያለው እሱ ነው፤ የመጀመሪያውን መርፌ ወግቶ መላክ ሳይወጉ ከመላክ በብዙ ይሻላል። ወባ ተገኘ ተብሎ ኮአርተም ብቻ ሰጥቶ ወደ ቤት መላክ ይህን ልጅ ሊገድለው ይችላል። ሁለተኛው ወተት ነው። በጢስ በታጠነ ዕቃ የቀረበ የግመል ወይም የፍየል ወተት ለልጁ ምርጥ ምግብ ነው፤ ለዚህ ጊዜ ግን ፈልቶ። ለእናቲቱ «ወተት ከልክዪው» ማለት ትልቅ ጥፋት ነው፤ «አፍልተሽ ስጪው» ነው መባል ያለበት። ሦስተኛው የኩፍኝ ዘመቻ ነው። ክትባቱ ሕይወት ያለው ስለሆነ ኬሞ ላይ ላለው ልጅ አይሰጥም፤ ወንድሞቹ፣ እህቶቹና የጎረቤት ልጆች ግን አንድ ሳይቀር መከተብ አለባቸው፤ በሽታው ወደ እሱ የሚደርሰው በእነሱ በኩል ነውና። ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይህን በስም የምታውቃቸው ሁለት ሦስት ቤቶች ላይ ብቻ ነው የምትፈጽመው፤ ጭነቱ ቀላል ነው።

የሚያሰጋኝ የሰው ኃይል መፍለስ ነው። ቆላ የተመደበ ባለሙያ ዝውውር ሲያገኝ ይሄዳል፤ የሠለጠነችው አንዲት ነርስ ብቻ ከሆነች ከእሷ ጋር ሥራው ሁሉ ይሄዳል። ስለዚህ ለሥልጠና ወደ ጥቁር አንበሳ የሚላኩት ሁለት ሦስት ሆነው፣ ከመካከላቸው ቢያንስ አንዱ የአካባቢው ተወላጅና አፋርኛ ተናጋሪ ቢሆን፣ ጥቁር አንበሳ ላይ የተኛው የሎጊያ ልጅ እናትም ከመመለሷ በፊት ዱብቲ የምትጠብቃትን ነርስ ስልክ ይዛ ብትወጣ ክትትሉ ሰው ሲቀያየርም አይቋረጥም።